የዝንጀሮ አካል በቀደምት ሙስሊም ሊቃውንት ድርሳናት፦ ከጃሒዝ እስከ ኢብን ኸልዱን

በመድረሳ ማስተማር በጀመርኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ለተማሪዎቼ በኩራት የምነግራቸው አንድ ነገር ነበረኝ። ኢብን ኸልዱን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሰው ከዝንጀሮ ዓለም ቀጥሎ የተገኘ መሆኑን በሙቀዲማቸው አስፍረዋል፤ ስለዚህ ዳርዊንን አምስት መቶ ዓመት ያህል ቀድመዋቸዋል እያልኩ አስተምር ነበር። ይህን ከኪታቡ አላነበብኩትም፤ ከአንድ ንግግር የሰማሁት ነው። አንድ ዕለት ከሰዓት በኋላ መደበኛ ትምህርት ቤቱን ጨርሶ ወደ እኛ የሚመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እጁን አወጣና «ኡስታዝ፣ ገጹን ያሳዩኝ» አለኝ። የባዮሎጂ መምህሩ በዚያ ሳምንት ስለ ድንቅነሽ አስተምረውት ነበርና ወስዶ ሊያሳያቸው ፈልጓል።

ገጹን ለማግኘት ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። በመድረሳችን በነበረው ህትመት ቦታውን ሳገኘው ዝንጀሮ የሚል ቃል የለበትም፤ በምትኩ «ቁድራ»፣ ማለትም ችሎታ ወይም ኃይል፣ የሚል ተጽፏል። ከዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሌላ ህትመት ተውሼ ሳስተያይ ደግሞ «ቂረዳ»፣ ዝንጀሮዎች፣ ይላል። በዐረብኛው አጻጻፍ የሁለቱ ቃላት ልዩነት የዳልና የራ ቦታ መለዋወጥ ብቻ ነው። ለዓመታት በልበ ሙሉነት ያስተማርኩት ነገር በሁለት ፊደላት ላይ የቆመ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያም የባሰው፣ ትክክለኛው ቃል «ቂረዳ» መሆኑ ከተረጋገጠልኝ በኋላ እንኳን ምንባቡን ከላይ እስከ ታች ሳነበው እኔ ያልኩትን የማይል መሆኑ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ተማሪ ጥያቄ ውጤት ነው። በመስጊዶቻችንና በመድረሳዎቻችን ስለዚህ ርዕስ ሁለት ልማዶች ሰፍነዋል። አንደኛው «የእኛ ሊቃውንት ቀድመው ደርሰውበታል» ይላል፤ ሁለተኛው የዝንጀሮን አካል ከሰው አካል ጋር ማስተያየትን በራሱ እንደ ክህደት ያያል። ሁለቱም ኪታቦቹን አላነበቡም። ያነበበ ሰው የሚያገኘው ሦስተኛ ነገር ነው፦ ሊቃውንቱ የዝንጀሮን አካል በቅርበት ተመልክተዋል፣ ከሰው ጋር ያለውን መመሳሰል ሳይፈሩ መዝግበዋል፣ አንዳንዶቹም አካሉን ከፍተው መርምረዋል፤ ነገር ግን መመሳሰልን ከዘር ሐረግ ጋር አላምታቱትም።

ያወቁት እንስሳ

በመጀመሪያ «ቂርድ» ሲሉ የትኛውን እንስሳ ማለታቸው እንደሆነ መለየት ይገባል። ዐረብኛው ቃል እኛ ጦጣና ዝንጀሮ ብለን የምንለያቸውን ሁሉ ያጠቃልላል። በሌላ በኩል ዛሬ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ከሰው አጠገብ የሚሣሉትን ቺምፓንዚንና ጎሬላን የዓባሲያ ዘመን ጸሐፊዎች አላወቋቸውም። ጎሬላ በአውሮፓ ሳይንስ ዘንድ እንኳን እንደ ዝርያ የተመዘገበው በ1847 እ.ኤ.አ. ነው። የበስራና የባግዳድ ሊቃውንት ያዩት ወይም የሰሙት ከየመን፣ ከኑባና ከሕንድ ወደ ገበያና ወደ ቤተ መንግሥት የሚመጣውን ነበር።

ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ የሚቀርበው ሐማድርያስ የሚባለው ዝንጀሮ ነው። በቀይ ባሕር በሁለቱም ዳርቻ ይኖራል፤ በዚህ በኩል በኢትዮጵያ፣ በኤርትራ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ፣ በዚያ በኩል በየመንና በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዐረቢያ ተራሮች እስከ ጧኢፍ አካባቢ። ከሰው በቀር በዐረቢያ ምድር በተፈጥሮ የሚገኝ ብቸኛው ፕራይሜት እርሱ ነው። በ345 ዓመተ ሒጅራ (956 እ.ኤ.አ.) ያረፉት አል-መስዑዲ በሙሩጅ አዝ-ዘሀብ ኪታባቸው ስለ የመን ሸለቆዎች ሲተርኩ ዝንጀሮዎቹ በመንጋ እንደሚኖሩና መንጋው የሚከተለው ትልቅ ወንድ መሪ እንዳለው ገልጸዋል። ጸሐፊው ተጓዥ ነበሩና በዚህ ዓይነት ወሬያቸው ውስጥ ተረትም ይቀላቀላል። የመንጋው አኗኗር ግን ተረት አይደለም። ሐንስ ኩመር የተባሉ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ በ1960 እና 1961 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ አቅራቢያ በኤረር የእነዚህን ዝንጀሮዎች ኑሮ አጥንተው የደረሱበት ከዚህ ጋር ይገጥማል። አንድ ብርማ ጋማ ያለው ወንድ ጥቂት ሴቶችን ይዞ ይሄዳል፤ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ተሰባስበው መንጋ ይሆናሉ፤ ሲመሽ ደግሞ ብዙ መንጋ በአንድ ገደል ላይ ያድራል። ኩመር የጻፉለት ገደልና መስዑዲ የጻፉለት ሸለቆ በአንድ ባሕር ግራና ቀኝ ያሉ ናቸው።

እጅ

ስለ ዝንጀሮ አካል በዐረብኛ ከተጻፈው ሁሉ የቀደመና የበለጸገ ምስክርነት ያለው በ255 ዓመተ ሒጅራ በበስራ ባረፉት በአል-ጃሒዝ ኪታብ አል-ሐየዋን ውስጥ ነው። ጃሒዝ ሙዕተዚላ ስለነበሩ አንዳንድ መምህራን ስማቸውን መጥራት አይወዱም፤ በዐቂዳቸው አለመስማማት ግን በዓይናቸው ያዩትን ለመቀበል እንቅፋት አይሆንም። ከእርሳቸው ብዙ የወሰዱት በ808 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ሻፊዒዩ አድ-ደሚሪም በሐያት አል-ሐየዋን ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ጃሒዝ ዝንጀሮ ከሰው ጋር የሚመሳሰልባቸውን ነገሮች ሲዘረዝሩ ፊቱን ብቻ አይጠቅሱም። መሳቁን፣ መቀመጡን፣ ያየውን መኮረጁን፣ ሲያስተምሩት መቀበሉን ያነሣሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ዓይናቸው እጁ ላይ ያርፋል። ምግቡን በእጁ ይዞ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ጣቶችና ጥፍሮች አሉት፤ ለውዝን ይፈለፍላል። ይህ ምርጫ ትክክለኛ መሆኑን የዛሬው ጥናት ያረጋግጣል። ፕራይሜት የሚባሉትን እንስሳት ከሌሎች አጥቢዎች ከሚለዩዋቸው ምልክቶች ዋናው የሚጨብጥ እጅ ነው። እንደ ድመት የሾለና የታጠፈ ጥፍር በመያዝ ፈንታ የአብዛኞቹ ጣት ጫፍ በጠፍጣፋ ጥፍር የተደገፈ ነው፤ ጥፍሩ ጣቱን ከኋላ ሲደግፈው በፊት በኩል ያለው ለስላሳ ሥጋ፣ በላዩም ያለው የጣት አሻራ፣ ነገርን በስሱ ለመዳሰስ ያገለግላል። ዓይኖቻቸውም ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ፊት የሚያዩ ናቸው። የሁለቱ ዓይኖች እይታ ስለሚደራረብ ርቀትን መመጠን ይችላሉ፤ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ለሚዘል ፍጡር ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። የአፍሪካና የእስያ ዝንጀሮዎች እንደ ሰው በሦስት ዓይነት የቀለም ተቀባይ ሕዋሳት ስለሚያዩ ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው ቅጠል ይለያሉ። የጥርሳቸው ቁጥርም እንደ ሰው 32 ነው።

የእጅን ነገር ለተማሪ ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በሀገራችን ደጋ ብቻ የሚገኘው ጭላዳ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጦ ሣር ይለቅማል። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጋጥሞ አንዲትን የሣር ቅጠል ለይቶ መንቀል ይችላል፤ በዚህ የጣት ቅንጅት ከሰው በቀር የሚስተካከሉት ጥቂት ናቸው። በአንጻሩ ከዛፍ ዛፍ የሚወረወረው ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ትንሽ ጉብታ ብቻ ቀርቶለታል። አራቱን ጣቶች እንደ መንጠቆ አጥፎ ቅርንጫፍ ለሚይዝ እጅ አውራ ጣት ማነቆ ይሆናል እንጂ አይረዳውም። ሁለት እንስሳት፣ ሁለት ኑሮ፣ ሁለት እጅ። ጃሒዝ ይህን ቢያዩ ገጽ አይበቃቸውም ነበር ብዬ አስባለሁ። እርሳቸው ራሳቸው የበኒ ሱለይም ጥቁር ድንጋያማ ምድር በነዋሪዎቹና በእንስሶቹ ቀለም ላይ አሻራ እንዳሳረፈ በመግለጽ አካባቢ በአካል ላይ ስላለው ተጽዕኖ ጽፈዋልና።

ሆኖም ይህን የመጨረሻውን ነገር ይዘው ጃሒዝን «የተፈጥሮ ምርጫ ፈልሳፊ» ያደረጓቸው ሰዎች አሉ። ምድር ቀለምን ትለውጣለች ማለትና ከትውልድ ትውልድ ለኑሮው የሚስማማ አካል ያለው ብዙ እየወለደ ይበዛል ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጃሒዝ የመጀመሪያውን ብለዋል፤ ሁለተኛው የዳርዊን ነው። ደግሞም ይሳሳታሉ፤ ዝንጀሮ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ዋና እንዳልተማረ ሰው ይሰጥማል ብለዋል፤ ነገር ግን በእስያ የሚዋኙና እየጠለቁ ምግብ የሚፈልጉ የጦጣ ዝርያዎች አሉ። ይህን ማረም ሊቅን ማቃለል አይደለም፤ እርሳቸው ራሳቸው አርስጣጣሊስን ያላየውን ጽፏል እያሉ ያርሙ ነበር።

አጥንት

አሁን ወደ ባግዳድና ወደ ካይሮ ሐኪሞች እንሻገር፤ የነገሩ ልብ ያለው እዚያ ነውና።

በሁለተኛው ምዕተ ዓመት እ.ኤ.አ. የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ጃሊኑስ የሰውን አካል መቅደድ በማይፈቀድበት ዘመን ስለሠራ የሰውን አካል የተማረው በአብዛኛው ከእንስሳት ነው። በተለይም ዛሬ በሞሮኮና በአልጄሪያ ተራሮች የሚኖረውን ጭራ የሌለውን ዝንጀሮ ይመርጥ ነበር፤ ተማሪዎቹንም ለሰው ይበልጥ የሚቀርበውን እንዲመርጡ ይመክራል። ይህ ሥራ በሑነይን ኢብን ኢስሓቅና በባልደረቦቻቸው አማካይነት በሦስተኛው ምዕተ ዓመት ሒጅራ ወደ ዐረብኛ ተመለሰ። ስለ አካል አከፋፈት ከጻፋቸው 15 ክፍሎች ውስጥ ከዘጠነኛው አጋማሽ በኋላ ያለው የግሪክኛው ቅጂ ጠፍቶ ዛሬ የሚገኘው በዐረብኛው ብቻ ነው። የዝንጀሮ አካል ዕውቀት ለዓለም የተረፈው ከፊሉ በዚህ ቋንቋ ነው ማለት ነው።

የሑነይን መምህር የነበሩት ክርስቲያኑ ሐኪም ዩሐና ኢብን ማሰወይህ በንባብ ብቻ አልረኩም። የሐኪሞችን ታሪክ የጻፉት ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ እንደሚተርኩት በኸሊፋ ሙዕተሲም ዘመን ከኑባ ገዢ ትልቅ ዝንጀሮ በስጦታ መጣ፤ ኢብን ማሰወይህም ከፍተው መረመሩትና ጻፉበት። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ከኸሊፋው ተደብቆ አይደለም።

ግን ጃሊኑስ ያየው የዝንጀሮና የሌሎች እንስሳት አካል እንጂ የሰው አልነበረም። ስሕተቱ ተተርጉሞ፣ ተገልብጦ፣ ተሸምድዶ ለዘመናት ዘለቀ። ከተናገራቸው ነገሮች አንዱ የሰው የታችኛው መንጋጋ በአገጭ ላይ የተጋጠሙ ሁለት አጥንቶች ናቸው የሚለው ነበር። ይህን ያረሙት ዐብዱለጢፍ አል-በግዳዲ (557–629 ዓመተ ሒጅራ) ናቸው። እኒህ ሰው ሐኪም ብቻ ሳይሆኑ የነሕውና የሐዲስ ሰው፣ በአዝሃርም ያስተማሩ ነበሩ፤ የዚህ መጽሔት አንባቢ የራሱን ወገን ያገኝባቸዋል።

በ597 እና 598 ዓመተ ሒጅራ (1200–1202 እ.ኤ.አ.) ዓባይ ጎደለና በግብፅ ጽኑ ረሃብ ሆነ። ዐብዱለጢፍ የዚያን ዘመን መከራ በአል-ኢፋዳ ወል-ኢዕቲባር ሲጽፉ እጅ የሚያንቀጠቅጥ ነገር ይተርካሉ፤ እዚህ አልደግመውም። በዚያው ወቅት ሕክምና የሚማሩባቸው ተማሪዎች የአካል ጥናት ላይ ደረሱ፤ ቃል ዓይንን ስለማይተካ ሊገባቸው አልቻለም። ከካይሮ አጠገብ በምትገኘው አል-መቅስ የረሃቡ ሙታን አጥንት የተከመረበት ኮረብታ እንዳለ ሰሙና ተማሪዎቻቸውን ይዘው ሄዱ። ሬሳው በግምታቸው ሃያ ሺህና ከዚያ በላይ ነበር። መንጋጋ አነሡ፤ አንድ አጥንት ነው። ሌላ አነሡ፤ እንደዚያው። ከሁለት ሺህ በላይ የራስ ቅሎችን ካዩ በኋላም መጋጠሚያ አላገኙም። ሌሎች ሰዎችም በእርሳቸው አለመኖር እንዲመረምሩ አደረጉ፤ በአቡሲር የጥንት መቃብሮች ያለውን የቆየ አጥንትም መጋጠሚያው በጊዜ ብዛት ይለይ እንደሆነ ብለው ተመለከቱ። ከዚያም ጃሊኑስ በጥንቃቄው የቱንም ያህል የላቀ ቢሆን የስሜት ሕዋሳት ምስክርነት ከእርሱ ይልቅ እውነተኛ ነው ወደሚል ድምዳሜ መጡ።

ይህ ታሪክ በእኛ ዘንድ ሲነገር ብዙ ጊዜ «ጃሊኑስ የተሳሳተው ዝንጀሮ ስላየ ነው» ተብሎ ይቋጫል። እኔም እንዲህ ብዬ አስተምሬያለሁ፤ ግን ልክ አይደለም። ያደገ ዝንጀሮ የታችኛው መንጋጋም እንደ ሰው አንድ ወጥ አጥንት ነው። እስከ ዕድሜ ማምሻ ሁለት ሆኖ የሚቆየው የውሻና የመሰሎቹ መንጋጋ ነው። የሰው ልጅ ራሱ ሲወለድ በአገጩ ላይ መጋጠሚያ አለው፤ በመጀመሪያው ዓመቱ ይዋሐዳል። እንግዲህ ዐብዱለጢፍ ያገኙት እውነት የሰውንና የዝንጀሮን ልዩነት አያሳይም፤ ከሚጋሯቸው ምልክቶች አንዱ ነው። ይህን ስጽፍ የሚደነግጥ አንባቢ ካለ ድንጋጤው ከምን እንደመጣ ራሱን ይጠይቅ፤ የአዝሃሩ መምህር ያንን አጥንት ሲያነሡ በእጃቸው የሚገኘው ነገር ለየትኛው ወገን እንደሚጠቅም አስቀድመው አልጠየቁም።

የዝንጀሮው አካል በእውነት ያሳሳተባቸው ቦታዎችም አሉ። አንድሪያስ ቬሳሊዮስ በ1543 እ.ኤ.አ. በታተመው ታላቅ መጽሐፋቸው ጃሊኑስ ስለ ሰው የጻፈው ብዙው ነገር የዝንጀሮ መሆኑን አንድ በአንድ አሳዩ፤ በላይኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶችን የሚይዘው አጥንት በዝንጀሮ ላይ በስፌት ተለይቶ ሲታይ በአዋቂ ሰው ፊት ላይ አለመታየቱ አንዱ ማስረጃቸው ነበር። አል-መቅስ ግን ከዚያ 340 ዓመት ይቀድማል።

መሰላሉ

አሁን ወደ ተማሪዬ ገጽ ልመለስ። ኢብን ኸልዱን ሙቀዲማቸውን በ1377 እ.ኤ.አ. ጻፉ። የዝንጀሮው ቃል ያለበት ምንባብ የሚገኘው ስለ ነቢይነት በሚናገረው ክፍል ውስጥ ነው። ፍጥረት በእርከን እርከን የተደረደረ ነው ይላሉ፤ የማዕድናት የመጨረሻ ጫፍ ከዕፅዋት መጀመሪያ ጋር ይገናኛል፤ የዕፅዋት ጫፍ የሆኑት ቴምርና ወይን እንደ ቀንድ አውጣ ካሉት የእንስሳት መጀመሪያ ጋር ይገናኛሉ፤ ከእንስሳት ጫፍ ዝንጀሮ ብልሃትና ማስተዋል ቢኖረውም ማሰብ ላይ ሳይደርስ ይቆማል፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚያስበው ሰው ይመጣል። ሙግቱ ግን በሰው አያበቃም። ከሰው በላይ የመላእክት ዓለም አለ፤ የነቢያት ነፍስ ለቅጽበት ወደዚያ ልትደርስ ትችላለች፤ ወሕይም በዚህ ይገባል ለማለት ነው መሰላሉ የተዘረጋው።

ይህን «ዝግመተ ለውጥ» ብሎ የሚያነብ ሰው ቴምር ቀንድ አውጣን ወለደች፣ ሰውም ወደፊት መላእክትን ይወልዳል ብሎ ማንበብ ይኖርበታል። እንዲህ የሚል አላገኘሁም። አንዱ እርከን ወደ ቀጣዩ ለመሸጋገር «ዝግጁነት» አለው የሚለው አነጋገራቸው ለሌላው ንባብ በር እንደሚከፍት አልክድም፤ አነጋገሩ ግን ከፈላስፎች የተወረሰ ነው። ከእርሳቸው በፊት ሚስከወይህ (በ421 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት) ተመሳሳዩን ጽፈዋል። ከሁሉ ግልጽ የሆኑልኝ በአራተኛው ምዕተ ዓመት ሒጅራ በበስራ የነበሩት ኢኽዋን አስ-ሰፋ ናቸው። ለሰው የሚቀርበው እንስሳ የቱ ነው ብለው ሲጠይቁ አንድ መልስ አይሰጡም፤ በአካሉ ቅርጽ ዝንጀሮ፣ በጠባዩ ፈረስ፣ በብልህነቱ ዝሆን ይቀርበዋል ይላሉ። የሚናገሩት ስለ ትውልድ ቢሆን ሰው ከዝንጀሮም ከፈረስም ከዝሆንም ሊወለድ ነበር። ሊቃውንቱ የሚመዝኑት የማዕረግን ቅርበት ነው።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ከእኛ አይደለም። አሜሪካዊው ጆን ዊልያም ድሬፐር በ1874 እ.ኤ.አ. ስለ ሃይማኖትና ሳይንስ ግጭት በጻፉት መጽሐፍ ሙሐመዳውያን የዝግመተ ለውጥ ትምህርት ነበራቸው አሉ፤ ዓላማቸው የራሳቸውን ሀገር ቤተ ክርስቲያን መውቀስ ነበር። እኛ ከሌሎች ጠብ የተወረወረውን ድንጋይ አንሥተን እንደ ውርስ ጌጥ አደረግነው። የሙቀዲማውን «ቂረዳ» ከብራና ቅጂዎች ጋር አስተያይተው «ዝንጀሮዎች» ብለው ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ደግሞ በ1958 እ.ኤ.አ. ፍራንዝ ሮዘንታል ናቸው። ቃሉን ወደ «ቁድራ» የለወጠው ገልባጭ አፍሮ ይሁን ተሳስቶ አላህ ያውቃል።

የኢማሙ ጥያቄ

ስለ ዝንጀሮ በሚንበር ላይ የሚነሣው ጉዳይ ግን ይህ አይደለም፤ በበቀራ፣ በማኢዳና በአዕራፍ ምዕራፎች የተጠቀሰው የሰንበት ባለቤቶች መለወጥ ነው። አንዳንድ ወንድሞቻችን የዛሬዎቹ ዝንጀሮዎች የእነዚያ ሰዎች ዘሮች ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አልፎም ሕያዋን ሰዎችን በዚህ ስም ይሳደባሉ። በሰሒሕ ሙስሊም በዐብዱላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) የተዘገበው ሐዲስ ግልጽ ነው፤ ስለ ዝንጀሮና ዐሳማ የተጠየቁት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ለተለወጡት ሕዝቦች ዘር እንዳላደረገላቸው፣ እነዚህ እንስሳትም ከዚያ በፊት እንደነበሩ አስታውቀዋል። ዙጃጅና ማሊኪዩ ኢብን አል-ዐረቢ ዘር ሊኖራቸው እንደሚችል ቢያስቡም ጁምሁሩ ከሐዲሱ ጋር ናቸው። ታቢዒዩ ሙጃሂድ ደግሞ የተለወጠው ልባቸው እንጂ አካላቸው አይደለም እስከ ማለት ሄደዋል፤ ጦበሪ ይህን ዘግበው ውድቅ አድርገውታል። በየትኛውም አቋም ቢሆን ገደል ላይ የምናየው ዝንጀሮ ቅጣት አይደለም። በራሱ የተፈጠረ፣ ከእኛ ቀድሞ ምድርን የረገጠ ፍጡር ነው። ሻፊዒዮች ሥጋውን እርም ሲያደርጉ መሸጡን የፈቀዱት ተምሮ ስለሚያገለግል ነው፤ ለተረገመ ነገር እንዲህ ያለ ሒሳብ አይያዝም።

የዳርዊን መጻሕፍት፣ የ1859ኙና ስለ ሰው የተጻፈው የ1871ዱ፣ ወሬያቸው ዐረብ ሀገር ሲደርስ የመጀመሪያውን ሰፊ ሸሪዓዊ መልስ ከሰጡት አንዱ የጦራቡሉሱ ሸይኽ ሑሰይን አል-ጂስር ናቸው። በ1888 እ.ኤ.አ. ባወጡት አር-ሪሳላ አል-ሐሚዲያ አካሄዳቸው የኡሱል ሰው አካሄድ ነው፦ የጽሑፉ ግልጽ ትርጉም ይያዛል፤ የቀረበው ማስረጃ ግምት እስከሆነ ድረስ ከግልጹ አያስወጣም፤ ቁርጥ ያለ ማስረጃ ቢመጣ ግን ጽሑፉ ከማስረጃው ጋር ይታረቃል፤ ፍጥረት በአንድ ጊዜም ሆነ በእርከን ቢገኝ ፈጣሪው አላህ ነው። ጂስር በዘመናቸው የነበረውን ማስረጃ በተለይ በሰው ላይ ቁርጥ ያለ ሆኖ አላዩትም። በአደም (ዐ.ሰ.) አፈጣጠር እኔም ከጽሑፉ ግልጽ ትርጉም አልወጣም። ነገር ግን ጂስር ማስረጃውን መርምረው ነው የመዘኑት፤ መጽሐፉን አልከደኑትም።

ከእርሳቸው በኋላ በእጃችን የገባው አጥንት ብዙ ነው፤ ብዙውም የወጣው ከአፋር፣ ከሙስሊም አርብቶ አደሮች ምድር ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ትሆናለች ይባላል። የዳሌዋ አጥንት እንደ ሰው አጭርና ሰፊ ነው፤ የጭኗ አጥንት ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ይህ በሁለት እግሩ የሚሄድ አካል ምልክት ነው። የራስ ቅሏ ግን ትንሽ ነበር። በአራሚስ የተገኘችውና 4.4 ሚሊዮን ዓመት የተሰጣት አርዲ ደግሞ የእግሯ አውራ ጣት እንደ እጅ ወደ ጎን የሚከፈትና የሚጨብጥ ነው። እነዚህን መካድ አይቻልም፤ በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የሚቀመጡ አጥንቶች ናቸው። ምን ማለት እንደሆኑ መከራከር ይቻላል፤ ያ ክርክር የሚጀምረው ግን ካዩ በኋላ ነው።

ከዓመታት በፊት የማውቀው አንድ መምህር ልጆች የባዮሎጂ መጽሐፋቸውን ወደ መድረሳ ይዘው እንዳይገቡ ከለከለ። መጽሐፉ አልቀረም፤ የቀሩት ልጆቹ ናቸው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከትልልቆቹ ተማሪዎች ግማሹ ጁዝእ ዐምማን እንኳን ሳይጨርሱ ተበተኑ። እኔ ደግሞ ያልተጻፈ ገጽ ነግሬያቸው ነበርና በእርሱ ልፈርድ አልችልም።

ገጹን የጠየቀኝ ተማሪ ሁለቱን ህትመቶች ጎን ለጎን ባሳየሁት ዕለት ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አያቸው። በመጨረሻ የጠየቀኝ ስለ ዳርዊን አልነበረም፤ «የትኛው ገልባጭ ነው ፊደሉን የቀየረው?» አለኝ። አሁን ሁለቱ ህትመቶች በመድረሳችን መደርደሪያ ላይ በዚያው ገጽ በወረቀት ተለይተው ይቀመጣሉ፤ ከአጠገባቸው ከገበያ የገዛሁት የላስቲክ መንጋጋ አለ። የአል-መቅስን ታሪክ ሳስተምር መንጋጋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ልጆቹም በአገጩ ላይ መጋጠሚያ እንዳለ በጣታቸው ይፈልጋሉ።